ጠፈር ላይ ስበት ካለ ለምን ይንሳፈፋሉ? (የጀማሪ ጥያቄዎች)

አዲስገብ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ጠፈር የማውቀው ትንሽ ነው፤ ሰሞኑን ግን ጥያቄዎቹ እንቅልፍ ነስተውኛል። እስቲ አግዙኝ። ጠፈር የሚባለው ከየት ይጀምራል? ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ ነው ይላሉ። ስበት ከሌለ ታዲያ ጨረቃን ማን ይዞ ያዞራታል? ደግሞ ሰው ያለ ልብስ ቢወጣ ወዲያው በረዶ ሆኖ ይደርቃል የሚባለው እውነት ነው? ሮኬቱስ? ሲነሳ ግዙፍ፣ ሲመለስ ትንሽዬ ነገር። ሌላው የት ይቀራል? ቀመር አትጻፉብኝ፣ በሰው ቋንቋ ንገሩኝ።

ምህዋር
እንኳን ደህና መጣህ። ከድንበሩ ልጀምርልህ። ተፈጥሮ ያሰመረችው መስመር የለም። አየሩ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አንድ ቦታ ላይ ቁርጥ አይልም። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን 100 ኪሎ ሜትርን ድንበር አድርጎ ይዟል። አሜሪካኖቹ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ይበቃል ይላሉ። በዚህ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ዋናው ነገር ከፍታው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ይህቺን ከያዝክ ግማሹ ጥያቄህ ራሱን ይመልሳል። ጁላይ 2021 ላይ (ዓመታቱን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የአማዞኑ ባለሀብት ጄፍ ቤዞስ በራሱ ኩባንያ መንኮራኩር 107 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ተመለሰ። ጉዞው በጠቅላላ 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። ዩሪ ጋጋሪን ደግሞ ኤፕሪል 12 ቀን 1961 በ108 ደቂቃ ውስጥ ምድርን ዞሮ ተመለሰ። ሁለቱም «ጠፈር ደረሱ» ይባላል፤ ልዩነቱ ግን ሌላ ነው። ቤዞስ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ወደቀ። ጋጋሪን ወደ ጎን፣ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ተወነጨፈ። ሮኬት አብዛኛውን ነዳጅ የሚጨርሰው ለዚህ የጎን ፍጥነት ነው፤ ለመውጣቱማ ያን ያህል አያስፈልገውም።

ስበቱን በተመለከተ፦ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ስበቱ ምድር ላይ ካለው 90 በመቶ ያህሉ አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ ድረስ ግንብ ተሠርቶለት ጫፉ ላይ ቢቆም፣ ሚዛኑ 62 ኪሎ ያህል ያሳየው ነበር።

ጠርጣሪው
ቆይ ቆይ። 90 በመቶ ካለ ለምን አይወድቁም?

ምህዋር
እየወደቁ ነው እኮ።

ጠርጣሪው
ጣቢያው ውስጥ ከኖቬምበር 2000 ጀምሮ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እየወደቁ ነው እያልከኝ ነው? መሬት ሳይነኩ?

መምህሩ
ልጄ፣ ቀልድ ይመስልሃል እንጂ በትክክል እንደዚያ ነው። ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያምጸው።

አንድ ድንጋይ ከእጅህ ልቀቅ። በመጀመሪያዋ ሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይወርዳል። አሁን ምድርን ተመልከት። ክብ ስለሆነች፣ በየ8 ኪሎ ሜትሩ ገጽዋ 5 ሜትር ያህል ወደ ታች ይጎብጣል። እንግዲህ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን የሚበር ነገር 5 ሜትር ሲወድቅ፣ ከሥሩ ያለው መሬትም 5 ሜትር ሸሽቶታል። በሚቀጥለውም ሰከንድ እንደዚያው። ይወድቃል፣ ግን አይደርስበትም። ኒውተን ከተራራ ጫፍ በሚተኮስ መድፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ጨረቃም በዚሁ መንገድ እየወደቀች ናት፤ ራቅ ስላለች በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃታል።

መንሳፈፉ የሚመጣው ሁሉም እኩል ስለሚወድቅ ነው። ክብደት ተሰማን የምንለው ወለሉ እግራችንን ወደ ላይ ሲገፋን ነው። እዚያ ወለሉም፣ ሰውየውም፣ በእጁ ያለው ብዕርም አብረው ይወድቃሉ። ማን ማንን ይገፋል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጠርጣሪው ጥርጣሬው ከንቱ እንዳይመስለው። ጣቢያው ካልተደገፈ በእርግጥም መሬት ይነካል። 400 ኪሎ ሜትር ላይ አየር ጨርሶ አላለቀም። ያ የሳሳ አየር እየጎተተ በወር ወደ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ያወርደዋል። ስለዚህ በየጊዜው ሞተር ተነስቶ ወደ ላይ ይገፋል። የአሜሪካው የጠፈር ጣቢያ ስካይላብ የሚገፋው አጥቶ በጁላይ 1979 ተመልሶ ወደቀ፤ ስብርባሪው ምዕራብ አውስትራሊያ ደርሷል።

ምህዋር
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ በሦስት ቃል ልገላግለው ብዬ ነበር። በዚያ ላይ ጸሐይ ስትቆጣ ያ የሳሳ አየር ይሞቅና ወደ ላይ ያብጣል። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ስፔስኤክስ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶችን ዝቅ ያለ ምህዋር (ምድርን የሚዞሩበት መንገድ) ላይ አደረሰ። በማግስቱ የማግኔት ማዕበል (የጸሐይ ቁጣ የምድርን ማግኔታዊ መስክ ሲያናውጠው) መጣ፣ አየሩ ወፈረ፣ አብዛኞቹ ተመልሰው ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጠሉ። ማዕበሉ ደግሞ እንደ ማዕበል ብርቱ የሚባል እንኳ አልነበረም። «ባዶ» የምንለው ቦታ የራሱ የአየር ጠባይ አለው።

አዲስገብ
መምህር፣ ያቺ የ5 ሜትሯ ነገር ገባችኝ፤ ያለ ቀመር! በረዶ ሆኖ መድረቁስ?

ሐኪሟ
ይሄ የኔ ነው። አይደርቅም፣ አይፈነዳምም። ግን ጊዜ የለውም።

እ.ኤ.አ. 1966 ላይ ሂዩስተን ውስጥ ጂም ለብላንክ የተባለ የናሳ ባለሙያ አየሩ የተመጠጠ ክፍል ውስጥ ገብቶ የጠፈር ልብስ እየሞከረ ነበር። የግፊት ቱቦው ተነቀለ። 14 ሰከንድ አካባቢ ላይ ራሱን ሳተ። ከመሳቱ በፊት የሚያስታውሰው የመጨረሻ ነገር ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ሲፈላ ነው። ምራቁ የፈላው ሞቆ አይደለም። ግፊት ሲጠፋ ውሃ በሰውነት ሙቀት ራሱ ይፈላል። ክፍሉን ቶሎ አየር ሞሉለት፣ ተነሳ፣ ጤነኛ ነበር።

ደም ግን በሥር ውስጥ ታሽጎ ስለሚቆይ እንደዚያ አይንተከተክም። ሥጋው ያብጣል። ጆ ኪቲንገር በ1960 ከ31 ኪሎ ሜትር ከፍታ በፓራሹት ሲዘል የቀኝ እጁ ጓንት ግፊት አምልጦት ነበር። እጁ ክፉኛ አበጠ፣ መሬት ከደረሰ በኋላ ተመለሰለት። ትልቁ አደጋ ትንፋሽ መያዝ ነው። ሳንባ ውስጥ የቀረው አየር ሲሰፋ ሳንባውን ይቀደዋል። ያ ባይሆን እንኳ ኦክስጅን ከደም እየወጣ ይሄዳል፤ አንጎል በ15 ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ሞት ነው።

ይህ የሙከራ ክፍል ወሬ ብቻ አይደለም። ጁን 30 ቀን 1971 የሶቪየቱ መንኮራኩር ሶዩዝ 11 ሲመለስ የአየር ቫልቭ ያለ ጊዜው ተከፈተ። ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭ እና ፓትሳዬቭ የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር፤ ለሦስት ሰው በልብስ የሚበቃ ቦታ አልነበረውም። ካፕሱሉ በሰላም አረፈ፣ ሲከፈት ሦስቱም ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ሶዩዝ ላይ ሲነሱም ሲያርፉም ልብስ ግዴታ ሆነ።

ብሎን
ቅዝቃዜውን እኔ ልጨርሰው፤ ሥራዬ የሙቀት ማስወገጃ ነው፣ የመኪና ቢሆንም። ፔርሙስ ሻይ ትኩስ አድርጎ የሚያቆየው በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል አየር ስለሌለ ነው። ሙቀት የሚሸከምለት ነገር ያጣል። ጠፈር ላይም ሰውነት ሙቀቱን የሚያጣው በዋናነት በጨረራ (እንደማይታይ ብርሃን እየረጨ) ነው፣ ያ ደግሞ ቀስ ይላል።

እንዲያውም የመሐንዲሶቹ ራስ ምታት የተገላቢጦሽ ነው። ጣቢያው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር፣ ፓምፕ፣ የሰው ገላ ሁሉ ሙቀት ያመነጫል፤ መውጫ የለውም። ስለዚህ በአሞኒያ የሚሠሩ ትላልቅ ራዲያተሮች ውጭ ተዘርግተው ሙቀቱን ወደ ጨለማው ይተፋሉ። የጣቢያው ገጽ ጸሐይ ሲያርፍበት 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ ጥላ ውስጥ ሲገባ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ምድርን በ90 ደቂቃ ስለሚዞር ይህ መፈራረቅ በቀን 16 ጊዜ ነው።

ልብሱም ያው ነው። ከውስጥ ውሃ የሚዞርባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የተሰፉበት የውስጥ ልብስ አለ፤ ሥራው ማቀዝቀዝ ነው። ጁላይ 2013 ላይ ጣሊያናዊው ሉካ ፓርሚታኖ ከጣቢያው ውጭ እየሠራ ሳለ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ውሃ ወደ ራስ ቁሩ መግባት ጀመረ። ስበቱ ስለማይሰማ ውሃው ወደ ታች አይወርድም፣ ፊቱ ላይ ተለጠፈ። አፍንጫውን ሸፈነው፣ ዓይኑን ጋረደው። በዳበሳ ወደ በሩ ተመለሰ። ጠፈር ላይ ሊሰጥም የነበረ ሰው!

ጠርጣሪው
ይሄን አልሰማሁም ነበር። ልብሱስ ለምን እንደዚያ ይወፍራል?

ብሎን
ግማሹ መከላከያ ነው፣ ግማሹ ግፊት። ውስጡ አየር አለ፣ ውጭው ምንም። ስለዚህ መንፋት ይፈልጋል። አሌክሴይ ሊዮኖቭ ማርች 18 ቀን 1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ 12 ደቂቃ ያህል ቆየ። ልብሱ ከመነፋቱ የተነሳ መመለስ አቃተው። በቫልቭ አየር እየለቀቀ ነው አሳንሶት የገባው። ለዚህ ነው ዛሬ ከጣቢያው ሲወጡ የልብሱ ግፊት የምድር አየር ሲሶ ያህል ብቻ የሚሆነው፣ ያውም ንጹህ ኦክስጅን። ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ ኦክስጅን ብቻ እየተነፈሱ ናይትሮጅኑን ከደማቸው ያስወጣሉ። አለዚያ ጠላቂ ዋናተኛ በፍጥነት ሲወጣ የሚይዘው በሽታ ይይዛቸዋል።

ቀዩ ፕላኔት
ይሄ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው፣ ማርስን እናውራ እንጂ። ሄደን መምጣት እንችላለን፣ የጎደለው ወኔ ብቻ ነው። ጉዞው 7 ወር ገደማ ነው። ቫለሪ ፖሊያኮቭ በ1994 እና 95 የሩሲያው ሚር የጠፈር ጣቢያ ላይ 437 ቀን በአንድ ትንፋሽ ቆይቷል። ሲያርፍ ከካፕሱሉ ወርዶ በእግሩ ሄዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማርስ ላይ ስንደርስ መሥራት እንችላለን ለማለት ነው። በቃ፣ ተረጋግጧል።

ሐኪሟ
ፖሊያኮቭን አከብረዋለሁ፣ እሱም ሐኪም ነበር። ግን ሚር ምድር ጉያ ሥር ነበር። የምድር ማግኔታዊ መስክ አብዛኛውን ጨረር ይመልስለታል። ወደ ማርስ ስትሄድ ያንን ጥላ ትተህ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ አለ። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ሮቨር (ማርስ ላይ የምትሽከረከር ሮቦት) በ2011 እና 2012 ወደ ማርስ ስትበር መንገድ ላይ ጨረር ለክታለች፦ በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)። ምድር ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በአማካይ በዓመት የሚያገኘው 2.4 ነው። የአንድ ቀን መንገድ የ9 ወር ኑሮ ማለት ነው። ደርሶ መልሱ 360 ቀን ቢፈጅ 660 አካባቢ ይገባል። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ የሥራ ዘመኑን በሙሉ የፈቀደው 600 ነው። ማርስ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

አጥንት ደግሞ ክብደት ካልተሸከመ ይሳሳል። የዳሌ አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣል። ካልሲየሙ ወደ ሽንት ሲገባ የኩላሊት ጠጠር ያሰጋል። ለዚህ ነው በየቀኑ 2 ሰዓት ያህል የሚሮጡት፣ በላስቲክ ታስረው። ፈሳሽ ወደ ጭንቅላት ስለሚሄድ ፊት ያብጣል፣ እግር ይቀጥናል፤ ብዙዎቹ ረጅም ከቆዩ እይታቸው ይለወጣል። የዓይኑን ነገር ሙሉ በሙሉ መከላከል እስካሁን አልተቻለም።

ቀዩ ፕላኔት
እሺ፣ ጨረሩ የካንሰር ዕድልን በጥቂት መቶኛ ይጨምራል። በፈቃደኝነት የሚሄድ ሰው መቶ ጊዜ አለ። እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ለመከላከያ ደግሞ ግድግዳውን በውሃ መሙላት ነው።

ሐኪሟ
ፈቃደኛ መኖሩ አደጋውን አይቀንሰውም።

ብሎን
ውሃ ጥሩ መከላከያ ነው፣ በሱ አልከራከርም። ሃይድሮጅን የበዛበት ነገር ከብረት ይሻላል። አልሙኒየም በጠንካራ ቅንጣት ሲመታ ራሱ ሌላ ጨረር ይረጫል። ችግሩ ክብደቱ ነው። አዲስገብ፣ የአንተም ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል።

የአፖሎን ሰዎች ወደ ጨረቃ የወሰደው ሮኬት ሳተርን 5 ቁመቱ 111 ሜትር፣ ሲነሳ ክብደቱ 3,000 ቶን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ከጨረቃ ተመልሶ ውቅያኖስ ላይ ያረፈው 5 ቶን ገደማ። ከ3,000ው አብዛኛው ነዳጅና ኦክስጅን ነው። ነዳጅ ለመሸከም ነዳጅ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ነዳጅም ሌላ ነዳጅ። ሩሲያዊው ጺዮልኮቭስኪ ይህን ስሌት በ1903 አሳትሞታል፤ እስካሁን ያመለጠው የለም። ስለዚህ ባዶ ታንክ ተሸክሞ መሄድ ሞኝነት ነው። የመጀመሪያው ክፍል 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ነድዶ ተጥሎ ባሕር ገባ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን በአንዳንዶቹ ጉዞዎች ሆን ብለው ከጨረቃ ጋር አላትመውታል፣ ንዝረቱን በመሣሪያ ሊያዳምጡ። የማረፊያዋ የታችኛው ክፍል ጨረቃ ላይ ተቀምጧል።

እና ቀዩ፣ ወደ ማርስ የምትጨምራት እያንዳንዷ ቶን ውሃ ከታች በብዙ ቶን ነዳጅ ትከፈላለች። መነሻው ጊዜም ያንተ አይደለም። ሁለቱ ፕላኔቶች ለጉዞ የሚመቹት በየ26 ወሩ ነው። መንገድ ላይ ሐሳብህን ብትቀይር ዞሮ መመለስ የለም፤ ጸሐይን እየዞርክ ነው የምትሄደው። መልእክት ብትልክ በርቀቱ መሠረት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል፣ መልሱ ደግሞ ሌላ ያን ያህል።

ተቆጣጣሪ
ክርክሩ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። በውስጥ መስመር መሰዳደብ የጀመራችሁ ሁለት ሰዎች ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ጠርጣሪው
እኔ አይደለሁም 😄 አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ጨረሩ ይህን ያህል ከሆነ የአፖሎ ሰዎች የቫን አለንን ቀበቶ (ምድርን የከበበውን የጨረር ቀበቶ) እንዴት አለፉት?

መምህሩ
በፍጥነት። ቀበቶዎቹ በ1958 በኤክስፕሎረር 1 ሳተላይት ነው የተገኙት፤ ስለዚህ ከአፖሎ በፊት ይታወቁ ነበር። መንገዱ የተቀየሰው ወፍራሙን ክፍል በጎን እንዲያልፍ ሆኖ ነው፤ የቆዩበትም በሰዓታት የሚቆጠር ነበር። ጨረር የሚጎዳው በመጠኑ ነው፣ መጠኑ ደግሞ በቆይታው። የአፖሎ የጨረቃ ጉዞ በጠቅላላ ከ6 እስከ 12 ቀን ነበር፣ ማርስ ግን ዓመታት። ሐኪሟ ያለችውና ይህ አይጋጩም።

ዕድል ግን ነበረበት። ኦገስት 1972 ላይ ብርቱ የጸሐይ ፍንዳታ ሆነ። አፖሎ 16 ኤፕሪል ላይ ተመልሷል፣ አፖሎ 17 ዲሴምበር ላይ ነው የሄደው። መሃሉ ላይ ጨረቃ ላይ ሰው ቢኖር ክፉኛ ሊታመም ይችል ነበር። ያን ዓይነቱን በወፍራም ግድግዳ ጀርባ ተጠልለው ያሳልፉታል፤ አንድ ሁለት ቀን ነው። ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣው ግን ሌትና ቀን አያቋርጥም፣ ግድግዳም ብዙ አይገድበውም። የአፖሎ ጠፈርተኞች ዓይናቸውን ጨፍነው ሳሉ የብርሃን ብልጭታ ያዩ ነበር። ያ ቅንጣቱ በዓይናቸው ሲያልፍ ነው።

አዲስገብ
ዓይን ተጨፍኖ? ይሄማ ለሊቱን እንደገና ነጠቀኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ እምላለሁ የመጨረሻ ነው። ሲመለሱ ለምን በእሳት ውስጥ ያልፋሉ? ቀስ ብለው በሞተር ፍጥነታቸውን እየቀነሱ ቢወርዱ አይሻልም?

ምህዋር
ያቺው ፍጥነት ናት። ወደ 8 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ለመድረስ ያን ሁሉ ነዳጅ አቃጥለሃል። በሞተር ብቻ ለማጥፋት ተመሳሳይ ፍጥነት የሚሰጥ ነዳጅ ይዘህ መውጣት አለብህ፤ ያንን ለማውጣት ደግሞ ብሎን የነገረህ ጣጣ ይመጣል። አየሩ በነጻ ያቆምልሃል። ዋጋው ሙቀት ነው። ከፊት ያለው አየር መሸሻ አጥቶ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይግላል፤ ሙቀቱ በዋናነት ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ከመፋተግ አይደለም። አፖሎ ሲመለስ የጋሻው ገጽ 2,700 ዲግሪ ገደማ ይደርስ ነበር። ጋሻው እየተቃጠለ እየተላጠ ሙቀቱን ይዞት እንዲሄድ ነው የተሠራው። ጋሻው ከተጎዳ ምሕረት የለም፦ የአሜሪካዋ መንኮራኩር ኮሎምቢያ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ሰባት ሰዎቿን ይዛ የተበተነችው፣ ስትነሳ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን ቀድዶት ስለነበር ነው።

ጠርጣሪው
ታዲያ ያቺ በእግሯ ቆማ የምታርፈው ሮኬትስ? እሷ በሞተር አይደል እንዴ የምትወርደው?

ብሎን
እሷ ምህዋር አልገባችም። የስፔስኤክሱ ሮኬት የፋልከን 9 የመጀመሪያው ክፍል ከላይኛው ሲለያይ ፍጥነቱ ከምህዋር ፍጥነት ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የተረፈችው ነዳጅ ትበቃዋለች። ወፍራሙ አየር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሞተር አንዴ ይነሳና ያቀዘቅዘዋል፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ተነስቶ ያሳርፈዋል። ዲሴምበር 2015 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው። ምህዋር የገባው የላይኛው ክፍል ግን እስካሁን አይመለስም፤ ሥራውን ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ ወደ ከባቢ አየር ተልኮ ይቃጠላል።